«ጉም» የተባለችው ካሴት

ሐሙስ፣ ኅዳር 25፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሱቅ

ተገኘች! ደብተሬ፣ ተገኘች እኮ! የታምሩ ካሴት! «ጉም»!

ተጣድፌ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን አትይብኝ። ደህና አደርሽ እንኳ አላልኩሽም። እሺ፣ ደህና አደርሽ።

እንዲህ ነው። ሱቅ ከፍቼ ብርድ ልብስ እያንጠለጠልኩ ነው። አንድ ሹፌር ገባ። ሰይድ ይባላል፣ የአልዩ አምባ ሰው፣ ጢሙ ሂና የነካው፣ ደሴ ጭነት የሚያመላልስ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጨረሰኝ፣ በርኖስ አምጪ አለ። ዋጋ ተከራከርን። መሐል ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ ሹፌር ባየሁ ቁጥር የምጠይቀውን ጠየቅሁት። ሽፋኗ ላይ ጉም ውስጥ የቆሙ በጎች ያሉባት ካሴት፣ ድሮ ደ/ሲና ላይ ለሹፌር ትሸጥ የነበረች፣ አይተህ ታውቃለህ? ዓመቱን ሙሉ መልሱ «ኧረ የለም» ነበር። አንዳንዱም ይስቅብኛል።

ይሄኛውም ሳቀ። ግን ሌላ ሳቅ።

«ያቺ ሰውዬው የሚጮኽባት? መኪናዬ ውስጥ ናት እኮ! እሷ ከሌለች ዳገቱን አልወጣውም። እንቅልፍ የሚባል አታስጠጋም።»

ብርድ ልብስ ክምሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚጮኸው ወንድሜ ነው አልኩት። ነበር አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። «ኢና ሊላሂ» አለ። የበርኖሱን ክርክር እዚያው ተወው።

ካሴቷን አሁኑኑ አምጣልኝ አልኩ። አይሆንም። ቴፑ ውስጥ ተጣብቃለች፤ ስንት ዓመት አልወጣችም፤ ብጎትታት ትበጠሳለች ብሎ ይፈራል። መጫወቱን ግን ትጫወታለች። ደሴ ደርሶ ሲመለስ መኪናውን ይዞልኝ ይመጣል። ማለልኝ።

አለቀስኩ። ሳቅሁ። ደንበኛ ገባ፣ ለደንበኛውም ነገርኩት። ግራ ገብቶት ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26፣ ሱቅ ሳልከፍት

አንቺ አዲስ ነሽ፤ ያለፈው ደብተር አልቋል። ስለ ታምሩ ልንገርሽ፣ አለዚያ ደስታዬ አይገባሽም።

የእኔ ታናሽ። የቤቱ መጨረሻ። አንኮበር ተወለድን፣ ካህናት ቤት። እናታችን ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። ታላቃችን መሪጌታ ኃይሉ (ጋሼ ነው የምላቸው) እዚያው ደብሩን ያዙ። እኔ ደ/ብርሃን አገባሁና ታምሩን ይዤው መጣሁ። አንኮበር ዜማ ጀምሮ ነበር። እዚህ ጊታር ያዘ። ጋሼ ያን ጊዜ የተቆጡት ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ሄቪ ሜታል፣ ያ የሚጮኸው የፈረንጅ ሙዚቃ! ደ/ብርሃን ላይ! ሰው «ብረቱ» የሚል ስም አወጣለት። ከሱቄ ጎን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። የሚሸጠው ሌላ፣ የሚወደው ሌላ። ከኋላ አንድ መደርደሪያ ነበረው፤ ከየአገሩ የለቀማቸው፣ በገዛ አገራቸውም ሰው ያልሰማቸው አልበሞች። ዘመን ተቀይሮ ካሴቱ ቀርቶ ፍላሽ መጫን ሲጀምርም መደርደሪያውን አልነካም። ማን ሊገዛህ ነው ስለው «እትዬ፣ ያልተሰማ አልበም ለቅሶ ያልተደረሰለት ሰው ነው» ይለኛል። አፉ!

የራሱንም አንድ ሠራ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ ወጣት ሳሉ። አንዱ ጓደኛው የሱፍ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ሱፍ ድምፅ ይውጣል፣ ማስተጋባት የለም፤ እዚያ የበግ ጠጉር ክምር መሐል ገብተው ቀዱ። ጥቂት ካሴት አባዙ። ከተማው አልገዛም። ደ/ሲና ወርዶ ቆሎ ከሚሸጡት ጋር እየተጋፋ ለሹፌሮች ሸጠ። የተረፈውን አንድ ቀን ተናዶ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ለራሱ እንኳ አንድ አላስቀረም።

ባለፈው ጥር፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ኩላሊቱ ወሰደው። አልጋ ላይ ሆኖ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው። የሆነ ቦታ አንዷ ትኖር ይሆን እትዬ? ትኖራለች አልኩት። በምን አውቄ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5፣ ከቅዳሴ መልስ

ሰይድ የለም። መንገዱ ተዘጋ ይላሉ፤ ደግሞ ተከፈተ ይላሉ። ስልኩ አይነሳም። አምላክ ይጠብቀው።

ቤቴ አሁንም ሐዘን ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል፣ ሬዲዮው ዝም። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን አይከፈትም። ግን ኢርፎን ያለው ሰው ምን ይሆናል? ከሙዚቃ ቤቱ ወደ ቤቴ ያስገባሁትን የታምሩን መደርደሪያ ዓመቱን ሙሉ አንድ በአንድ እየሰማሁ ነው። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጆሮዬ ውስጥ ብረት እየተንኳኳ። ጎረቤት ስብከት የምሰማ ይመስለዋል። «ጥሩወርቅ እንዴት መንፈሳዊ ሆነች!» ተብሏል አሉ። 

ዛሬ የሰማሁት ሽፋኑ ላይ የሚቃጠል መርከብ ያለበትን ነው። ስሙን ማንበብ አልቻልኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፣ እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፤ ይሄ ግን ፊደል አይደለም፣ የቀጋ እሾህ ነው። ድራሙ በክረምት በረዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይመስላል። ታምሩ በየሽፋኑ ብጣሽ ወረቀት ለጥፏል፣ መድኃኒት ቤት ይመስል። እዚህኛው ላይ «ለተናደደ። ከሁለተኛው ዘፈን ይጀመር» ይላል። አልተናደድኩም ነበር። ስጨርስ ግን ግቢውን ሁሉ ጠርጌ ነበር።

የምወደው ሌላ ነው። አራት ሴቶች ብቻቸውን የሠሩት። በአገራቸው አልተሸጠላቸውም አሉ፤ ወንዶቹን አጅበው የሚመጡ ሴቶች ናቸው ብለው ነው የናቋቸው። የምትዘፍነዋ በድንበር ክርክር ላይ የቆመች ሴት ትመስላለች። እውነቱ በእሷ እጅ ያለ። እሷን የማይሰማ ሰው ቀረበት!

ከደቡብ አሜሪካ የመጣም አለ፣ ሰፈራቸው ውስጥ የቀዱት። መሐል ላይ ጊታሩ ሲያርፍ ዶሮ ይጮኻል። አላወጧትም። ታምሩ ለዶሮዋ ብሎ ወደ ኋላ ይመልስ ነበር።

ደግሞ ዘገምተኛው። ሽፋኑ ላይ ምንም የለም፣ ጥቁር ብቻ፣ እንደ ቀሚሴ። ድራሙ አንዴ ይመታል፤ አንድ እፍኝ ምስር ትለቅሚያለሽ፤ ከዚያ ሌላውን ይመታል። ወረቀቱ «ላዘነ። አይቸኮል» ይላል። ይህንን ከተቀበረ ጀምሮ ስንቴ ሰማሁት። ለራሱ ሐዘን መድኃኒቱን አስቀምጦልኝ ሄደ ማለት ነው።

ከሰዓት ጋሼ ደወሉ። ሙት ዓመቱ ጥር 16 ነው፣ ካህናት ቤትሽ ይገባሉ፣ ያንን የሰይጣን መደርደሪያ ከዚያ በፊት አስወጪ፤ ካልሆነልሽ እኔ መጥቼ አቃጥለዋለሁ። ነፍሱ የምታርፈው ያ ሲነሳ ነው አሉ።  ስለ ካሴቷማ አልነገርኳቸውም። ብትገኝ እሷንም አይምሯትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11፣ ማታ

ወይኔ ደብተሬ። ከየት ልጀምር።

ሰይድ መጣ። ጭነቱን አራግፎ፣ ባዶውን መኪና በራችን ላይ አቆመ። ሁለቱንም በር ከፈተ፣ ወንበሩ ላይ ጨርቅ አነጠፈልኝ። ካሴቷን አስጀመራት። መጀመሪያ ሽሽሽ… እንደ ዝናብ። ከዚያ ድምፁ። ሳይዘፍን፣ እንዲሁ ሲያወራ። «በሩን ዝጋው ባክህ፣ ብርድ ገባ።»

ታምሩ። ወጣቱ። ብርድ የማይችለው ወንድሜ።

ከዚያ ጊታሩ ተነሳ፣ ከዚያ ጮኸ። እኔም አብሬው ጮህኩ። አላወቅሁትም። ራሴን ይዤ ጮህኩ።

መኪና በር ክፍት ነው፣ ድምፁ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ሰው ምን ይበል? ጥቁር የለበሰች ሴት ቤት ደጃፍ፣ ወንድም ሴትም እየጮኸ። ሌላ ሞተባት አሉ! ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ እየሮጡ። «ወየው ጥሩዬ! ደግሞ ማን?» ወንዶቹ የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ይዞ ደረሰ፣ ስሙን ንገሩኝ ልንፋ እያለ። እማማ ዘነቡ፣ የሰፈሩ ሙሾ አውራጅ፣ ገና ከመታጠፊያው ደረታቸውን እየደቁ።

ሰይድ መሪው ላይ ሆኖ እጁን ያውለበልባል። «ኧረ ቴፕ ነው! ወላሂ ቴፕ ነው!» ማን ይስማው።

ሲገባቸው ወንዶቹ ወንበሩን አወረዱ። አንዱ ፈገግ አለ። ሌላዋ ግን ተቆጣች፤ በጾም? ሙት ዓመቱ ሳይወጣ? ጎዳና ላይ ዘፈን? እውነቷን ነው፣ ምን እላለሁ። ሰይድ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

እማማ ዘነቡ ከለከሉት። «ተወው። ማነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

ታምሩ ነው አልኩ።

«ለማን?»

እየተጫወተ ያለው ሦስተኛው ዘፈን ነበር። ቃሉን ገና አሁን መስማቴ ነው። «እማ ተነሽ ጉም መጣ፣ በጎቹ ሁሉ ገቡ፣ አንቺ ብቻ ውጪ ቀረሽ።» ደጋግሞ። እየጮኸ። ለእናታችን አልኳቸው።

«እንግዲያ ለቅሶ ነው» አሉ እማማ። «ለቅሶ ላይ ደግሞ ይቀመጣል።»

ተቀመጡ። የመጣው አግዳሚ ሁሉ ተደረደረ። የተቆጣችውም ተቀመጠች። አንደኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ሻሽ እያወዛወዙ፣ አንዳንዱ እያለቀሰ። ጥሩምባ ነፊው በእግሩ ድራሙን ይመታል። ያንን ያህል ሰው! ወንድሜ ለቅሶ ተደረሰለት።

ሰይድ የቴፑን ማዞሪያ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ሁለተኛው ገጽ አላሳለፈውም። ቴፑ መጎተት ጀምሯል አለ፤ ሳትጠፋብን ትቀዳ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ሬዲዮ ጠጋኙ ቴፑን ከነካሴቷ ከመኪናው ነቀለው። ሽቦ አበጀ፣ ኮምፒዩተር ላይ ይቀዳ ጀመር። ሰይድና እኔ ሐኪም ቤት እንደሚጠብቁ ቤተሰብ በር ላይ ቆመን። አንደኛው ገጽ ገባ፣ ጥሩ። ሁለተኛው ሄደ፣ ሄደ፣ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደረሰ። ዘገምተኛ ነው፣ ድራም የለውም። ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ታምሩ ሳይጮኽ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። «ደግሞ ነገ…» አለ።

ቴፑ በላት። ጠጋኙ ነፍሱ እስክትወጣ ሞከረ። ክሩ ዱቄት ሆኗል፤ እጁ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ።

«ደግሞ ነገ» ምን? የሚያውቅ የለም። ከሁለቱ ጓደኞቹ አንዱ አረብ አገር ገብቶ ጠፍቷል፣ ዘበኛው ከእሱ በፊት ሞቷል።

ሰይድ ከእኔ ብሶበታል። «እህቴ፣ በእኔ እጅ ቆይታ በእኔ እጅ ጠፋች» ይላል። በአንተ እጅ ባትሆንማ ጭራሽ አልነበረችም አልኩት። አዲስ ማጫወቻ አስገጠመ፣ ፍላሽ የሚቀበል። የተቀዳውን ጫንኩለት። የዶሮዋንም ጨመርኩለት።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18፣ ከሰዓት

ጋሼ መጡ። ሰው ነግሯቸዋል፤ ጥሩወርቅ ከል ለብሳ ጎዳና ላይ አስጨፈረች ተብለው። ከአንኮበር በጠዋት ተነስተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጆንያ ይዘው! ለመደርደሪያው።

ሰላምታ አጠረ። መደርደሪያው ፊት ቆሙ። የሚቃጠለውን መርከብ አነሱ፣ አማተቡ፣ ጆንያው ውስጥ ከተቱ። የሴቶቹን ከተቱ። ጥቁሩን አነሱ። ወረቀቱን አነበቡ፣ መልሰው አነበቡት፤ ከተቱት።

አልተጣላሁም። ድምፁ ተገኝቷል ጋሼ አልኩ፤ ሲዘፍን ሳይሆን ሲያወራ ያለበት አለ፣ እሱን ብቻ ስሙልኝ። እምቢ አሉ። ከዚያ «ሲያወራ ብቻ» አሉ። ኢርፎኑን በጥምጥማቸው ሥር አስገባሁላቸው።

በሩን ዝጋው የሚለው ጋ ሲደርስ ዓይናቸው ተከፈተ። እኔ አላጠፋሁም። እሳቸውም አጥፊ አላሉኝም። ጆንያው ከእጃቸው ወረደ። ሦስተኛው ዘፈን ጋ መድረሱን ያወቅሁት በፊታቸው ነው። መቋሚያው ላይ ተደገፉ፣ ማኅሌት እንደሚቆሙት። አንዱን ጆሮ አወጡ።

«እናታችን ስትቀበር እንዲህ ጮኸ» አሉ። «አፉን በእጄ ያዝኩት። ወንድ ልጅ እንዲህ አይጮኽም አልኩት። እጄን ነከሰኝ።»

መልሰው ሰኩት።

እኔ ያን ቀን ከሴቶቹ መሐል ነበርኩ፣ አላየሁም። እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ታምሩም ትንፍሽ አላለም።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ደግሞ ነገ» ላይ ሲቋረጥ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀሪውን አምጪ እንደማለት። የለም አልኩ። እንዴት የለም? የለም ጋሼ።

ሳይበሉ ሳይጠጡ ሄዱ። ጆንያውን አልወሰዱም። አላራገፉትምም። እዚያው ወለሉ ላይ አለ። ምን ማለት ነው? እኔም አልነካሁት፣ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30፣ የልደት ማግስት

ከአንኮበር ድምፅ የለም። ለበዓሉ ደወልኩ፣ እንኳን አደረሰሽ ብቻ። ጆንያው ወለሉ ላይ። ጎረቤት ሲገባ እግሩን ያነሳለታል።

ሳቅ አልመጣልኝም ዛሬ። ጥቁሩን አልበም ፈለግሁት፣ ጆንያው ውስጥ ነው። ያለ እሱ ዋልኩ።

እሑድ፣ ጥር 3፣ ጠዋት

ጋሼ ደወሉ! ልብስ እያጠብኩ፣ እጄ አረፋ እንደሆነ።

ተዝካሩ ጥር 16 ቅዳሜ ነው፣ በቤ/ክ ሥርዓት፣ በዚያ አልደራደርም አሉ። እሺ ጋሼ። ጸሎቱ ሳያልቅ ምንም እንዳይሰማ። እሺ ጋሼ።   ከዚያ፣ ያ የአልዩ አምባው ሹፌር እሑድ ሥራ ይገባል ወይ?

ምነው አልኩ።

ከአንኮበር የሚመጣው ዘመድ ብዙ ነው፣ አግዳሚ ወንበር የሚጭን መኪና ያስፈልጋል አሉ። ደግሞም እንደገና ልሰማው ነው፣ ያ ማዳመጫ ጆሮዬን አቆሰለኝ፣ በመኪናው ይሁን። እንዲህ ብለው ዘጉት! ደህና ዋዪ እንኳ የለ።

ጆንያውን ፈታሁ። አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ መለስኩ። መርከቡን፣ ሴቶቹን፣ ዶሮዋን፣ ጥቁሩን። አንዱም አይሸጥም፣ አይቃጠልም። የመጣ ሁሉ ወረቀቱን እያነበበ ለሕመሙ የሚሆነውን ይዋስ። ሰምቶ ይመልስ። ሳይሰሙ መመለስ ግን የለም።

ለእማማ ዘነቡም ነገርኳቸው። «ደግሞ ነገ» ላይ እንደሚቋረጥ፣ እዚያ ላይ ልቤ አብሮ እንደሚቆረጥ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይሄ ምን ያስጨንቃል ልጄ? ስንቱ አልቃሽ መሐል ላይ ድምፁ ይዘጋበት የለ? የሚቀጥለው ሰው ይቀበለዋል። እሱ ሲያቆም እኔ እይዘዋለሁ አሉኝ።

እንግዲህ ወስኛለሁ። ቅዳሜ ጥር 16 ለነፍሱ። በማግስቱ ጠዋት ገላዬን ታጥቤ ከሌን አወልቃለሁ፣ የቴሌቪዥኑንም ጨርቅ እገፍፋለሁ፣ መኪናው በሬ ላይ ይቆማል፣ ሁለቱም በር ይከፈታል፣ እስከ ላይ ይለቀቃል። የዕድሩ ሰው ይምጣ። ያኔ ያልገዛው ከተማ ይምጣ። ጥሩምባ ነፊው ዛሬውኑ ይንፋ፣ ሞት አይደለም ብሎ ይንፋ። ደ/ሲና ያላችሁ ሹፌሮች፣ ዳገቱን ከእሱ ጋር የወጣችሁ ሁሉ፣ ኑ። ወንበር አለ። እሑድ ነው፣ ጥር 17፣ ከቅዳሴ በኋላ።